አርሊስ ወደ ነፋሱ ሮጠች

ጎረቤቴ አርሊስ ሆክስትራ ከመኪናዋ ስትወርድ፣ ገና ሰላም ሳትል ቆንጠር አድርጋ ደረቅ ሣር ታነሣና ትበትናለች። ሣሩ ከሚበርበት በተቃራኒው በኩል ካልሆነ አትቆምም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንኳ!

«ዛሬ ደግሞ ፓስተሩ ይፈነዳል ብለሽ ነው?» ይላታል ወንድሟ ጌሪት።

«ስብከቱ ከረዘመ ምን ይታወቃል?»

እዚህ አዮዋ፣ በቆሎ ከመዝራታችን በፊት መሬቱን አሞኒያ እናጠጣዋለን። የብረት ጋን ውስጥ የታመቀ፣ ካመለጠ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል የማዳበሪያ ጋዝ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ግራና ቀኝ ሳይለዩ «ወደ ነፋሱ» የሚለውን ይማራሉ። ነፋሱ ወደሚሄድበት ማለት አይደለም፤ ወደሚመጣበት ነው። ፊትሽን ከመታሽ ልክ ነሽ፤ ጀርባሽን ከገፋሽ ጠፍተሻል። ልጄን ማረንን በዘፈን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ አርሊስ ከአጥራችን ማዶ ጋኑን ከትራክተሯ ጋር ታያይዛለች። ማረን አጥሩ ሥር ትጫወታለች፤ እኔ በረንዳው ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ድንገት የጋኑ ቧንቧ ፈንድቶ እንደ ጥይት ጮኸ። ነጭ ደመና መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ቤታችን መጣ።

«ማረን! ነይ! ወደ ቤት ነይ!»

ልጄ ታዛዥ ናት። እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ሮጠች፤ ደመናው ከኋላዋ።

አርሊስ በዚያ ዕድሜዋ አጥሩን እንዴት እንደዘለለችው እንጃ። ልጄን አፈፍ አድርጋ ዞረችና የደመናውን ጠርዝ ታክካ፣ በጋኑ በኩል ሮጠች።

«አበደች! ልጄን ገደለቻት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቤቱን ተይው!» አለች ሳትዞር። «ተይው፣ አንቺ ደደብ! ነፋሱን በፊትሽ ይዘሽ ነይ!»

ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ ነው የባነንኩት። ከበረንዳው ዘልዬ፣ በጎተራው ጎን ዞሬ፣ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ሮጥኩ።

ከጎተራው ማዶ ያለው ከፍታ ላይ ደርሼ ዞር ስል ቤታችን የለም። ነጭ ብቻ። ልጄን የጠራሁበት በር እዚያ ውስጥ ነበር።

አርሊስ ቀድማኝ እዚያ ደርሳ፣ ከኪሷ በማትለያት የውሃ ጠርሙስ የማረንን ዓይን እያጠበች ታስላለች።

«ሰደብኩሽ መሰለኝ» አለችኝ።

«ጨምሪልኝ።»

ማረን በአርሊስ አንገት ላይ ተጠምጥማ ቀና ብላ አየችኝ። «ነይ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉን ተውኩት። እኔው ወደ እሷ ሄድኩ።