ግፊቱ ካልወረደ

«ዝቅ አድርጊልኝ፤ ደሙ ጋረደኝ» አለ ቀዶ ሐኪሙ አሁንም።

መቱ ሆስፒታል ሰመመን ስሰጥ በኖርኩበት ዘመን እንደዚያ ቀን ሞኒተር ላይ ያፈጠጥኩበት ጊዜ የለም። የተኙት ሰውዬ የያዮ ማር ነጋዴ ናቸው። ሳይነስ በሚባለው ከአፍንጫ ጎን ባለ ክፍተት ውስጥ የበቀለ ሥጋ አፍንጫቸውን ደፍኖታል፤ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ እያየ ይለቅመዋል። ሥጋውን ከዓይናቸው የሚለየው አጥንት የእንቁላል ቅርፊት ያህል ስስ ነው። ደም ከጋረደው መሣሪያው ዓይናቸውን ሊያጠፋ ይችላል። ደሙ እንዲቀንስ የደም ግፊታቸውን ማውረድ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የደም ሥር የሚያሰፋውን መድኃኒት ሰጠሁ። ቁጥሩ ወረደ፤ ልባቸው ግን መጋለብ ጀመረ፣ ደሙም አልቀነሰም። ድሮም አልወደውም፤ ቁጥር ከማሳመር በቀር ለአፍንጫ ሥራ አይረባም። ልብ ወደሚያረጋጋው ቀየርኩ። ልባቸው ሰከነ፣ ግፊቱም የምፈልገው ቦታ ደረሰ። ደሙ ግን ማዣቱን አልተወም።

«ጨምሪበት።»

«አልጨምርም፣ ዶክተር። ከዚህ ከወረደ አንጎላቸው ደም ያጥረዋል።»

«እንግዲያው ዓይናቸውን አንቺ ጠብቂያ!»

ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ባሰ። ያኔ ነው፣ ጭምብሉን ሳደርግላቸው የሸተተኝ ነጭ ሽንኩርት ትዝ ያለኝ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ስጠይቅ ሚስታቸው «ቆሪቻ ሂንፉዳቱ፤ ምንም አይወስድም» ብለውኝ ነበር። ነርሷን በር ላይ ወደተቀመጡት ሚስታቸው ላክኋት። ሮጣ ተመለሰች።

«ነጭ ሽንኩርት ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ በማር ይበላሉ፤ ማታ ማታም ጨምረውበታል። ‹እሱ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ?› አሉኝ።»

ነጭ ሽንኩርት ሲበዛ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። «ዶክተር፣ ነገሩ የግፊት አይደለም፤ ያቁሙ» አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፤ ቢሆንም መሣሪያውን አወጣና መድኃኒት የተነከረ ጎዝ ወተፈበት። ጠበቅን። ደሙ እያቅማማ ቆመ። የቀረውን ሥጋ ለሌላ ቀን ተወው።

ሲነቁ ጣቶቼን አሳየኋቸው።

«ሁለት» አሉ።

ከዚያ ሚስታቸውን ልቆጣ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ምነው ይህን ያህል አበሏቸው?»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ባለፈው ለምርመራ ስንመጣ ግፊቱ ካልወረደ አይሠራለትም ያልሽን አንቺው አይደለሽም እንዴ፣ ልጄ? እንዲወርድልሽ ብለን እኮ ነው።»