በፌስታል የታሰረው ሶኬት

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን ነው። ገፈርሳ ጋ ዝናብ ሲወርድብኝ፣ አሮጌዋ መኪናዬ መንገዱን በድንጋይ የዘጉ ወጣቶች ፊት ሞተሯ ጠፍቶ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ አንዱ ዱላውን ይዞ መጣ።

«ኮፈኑን ክፈት!»

ወርጄ ከፈትኩ። ጎንበስ ብሎ አንዱን የሽቦ ሶኬት ነቀለው፤ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ዱላውን አስቀምጦ ዝገቱን በክብሪት ቀፎ ጎን እየፈገፈገ፣ «ይሄን ማን ነው የሠራልህ?» አለኝ።

ፍርሃት መቼም ያስለፈልፋል። «አንድ ሌባ የቡራዩ ኤሌክትሪሻን! ሶኬቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ እኮ! አስጠልቶኝ ፈትቼ ጣልኩት» አልኩ።

እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝና ሻርፑን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ፌስታሉን አትፍታው አላልኩህም?»