የጠበል ፈቃድ

በትምህርት ቤታችን ልጅ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ አይደለም። በኅዳር ለሩዝ አጨዳ ይቀራል፣ በገበያ ቀን ከብት ለመንዳት ይቀራል፤ ለእነዚህ ምሕረት የለኝም። ወላጅ አስጠርቼ አፌ እስኪደርቅ እቆጣለሁ። ምላሷ እሾህ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ይበሉ። ለጠበል የቀረን ልጅ ግን እኔም ሆንሁ ርእሰ መምህሩ አንጠይቅም። ምን አመማት ማለት ነውር ነው፤ በተለይ ሴት ልጅ ከሆነች የሰው ገመና መጎርጎር ይሆናል። እግዜር ይማራት ብሎ ፈቃድ መስጠት ነው። ይህን ልማድ አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። አገሬው ካወቀው ደላላም ያውቀዋል፤ እኔ ግን እስከዚያ አላሰብሁም ነበር።

ልጅቷ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ። ሒሳብ ከሚገባቸው ጥቂቶች አንዷ ናት። ክፍልፋይ ስትሠራ ምላሷን ታወጣለች፤ ሌሎቹ ሲስቁባት እሷም አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን አባቷ የሩዝ ማሳው ጭቃ እግሩ ላይ እንደ ደረቀ መጥቶ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመ።

"መምህርት፣ ልጅቱ ወንዛዬ ልትጠመቅ ነው። ሁለት ሱባኤ ይፍቀዱላት።"

"ማን ይዟት ይሄዳል?"

"ክርስትና እናቷ።"

ይህን ሲለኝ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ስለ በሽታዋ አፍሮ መስሎኝ ሌላ ጥያቄ አልጨመርሁም። ፈቃዱን ጽፌ፣ ማርያም ትማራት ብዬ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን መስኮቱን እየወለወለች፣ "ያቺ ልጅዎ አምሮባታል" አለችኝ። "ትላንት ይፋግ ገበያ አየኋት። ክርስትና እናቷ ቀሚስ ስትለካላት። እንዲያው ሙሽራ መስላለች።"

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ከእኛ ዘንድ ወንዛዬ የሚሄድ ሰው ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ነው የሚወርደው። ይፋግ ያለው በተቃራኒው፣ በጎንደር መንገድ ነው። ለጠበል የወጣች ልጅ ጠበሉን በስተጀርባዋ ትታ ይፋግ ላይ ቀሚስ የምትለካው ለምንድን ነው? ክፍሌን ለጎረቤት መምህር አደራ ብዬ ወደ አባቷ ማሳ ሮጥሁ።

እያጨደ አገኘሁት። "ልጅዎ ይፋግ ታይታለች" አልሁት። ማጭዱን መሬት ላይ ጣለ።

"ለትምህርት ቤት ጠበል በል ያለችኝ ክርስትና እናቷ ናት" አለ። "አለዚያ መምህሯ ትጮሃለች አለችኝ። ጎንደር ሰው ቤት እየሠራች ማታ ትማራለች፣ ወረቀቷ ሲያልቅ ዐረብ አገር ትሻገራለች ነው ያለች።"

"በአሥራ ሦስት ዓመቷ?"

"ዕድሜውን ሰዎቹ ያስተካክሉታል አለች።"

ያን ጊዜ የተናገርሁትን ሁሉ ባልጽፈው ይሻላል። አንቱ ማለቱንም ረስቼ "ሸጥሃት!" ብዬዋለሁ። ሰውየው ነዶው ላይ ቁጭ አለ።

"አልሸጥሁም! ክርስትና እናቷ ናት እኮ። ክርስትና ያነሣቻት ሴት፣ ልጅህን ስጠኝ ብትለኝ በየት አፌ እምቢ እላለሁ? እርስዎስ ቢሆኑ ይላሉ? እሷን እምቢ የሚሏት አባ ብቻ ናቸው።"

ተናድጄ ነው እንጂ እውነቱን ነበር። በእኛ አገር ክርስትና እናት የሥጋ ዘመድ የማይደፍረውን ትደፍራለች። እኔም ልማዱን ሳከብር ነው ያለ ጥያቄ ፈቃድ የጻፍሁ። በሱ ስጮህ ግማሹ ጩኸት በራሴ ላይ ነበር።

አባ የልጅቷም ቤተሰብ የክርስትና እናቲቱም የነፍስ አባት ናቸው። ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚገቡት ከቀትር በኋላ ነው፤ ቤታቸው ደጅ ላይ ዳዊት ሲደግሙ ደረስሁ። ነገሩን ነገርኋቸው።

"ይገዝቱልኝ" አልኋቸው። "እርስዎን ትፈራለች።"

"ግዝት እንደ አርጩሜ አይመዘዝም ልጄ። ያለ ነገሩ ካወጣሁት በእኔው ይመለሳል። በምክር እናናግራት።"

"አባ፣ መኪና ምክር ቆሞ አይሰማም!"

ጥምጣማቸውን አስተካክለው መስቀላቸውን ያዙና ተነሡ። እስከ ወረታ በባጃጅ ሄድን። ከወረታ ወደ ይፋግ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ረዳቱን ሰደብሁት፣ እሱም መለሰልኝ። "ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል" አሉኝ አባ እጄን ይዘው። ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሣ በኋላም መንገድ ላይ ለአንዲት ዶሮ ለያዘች ሴት ቆመ፣ ጆንያ ለሚጭን ሰው ቆመ፣ ደግሞ ቆመ። ከጎንደር በኩል የሚመጣውን ሳይሆን ወደ ጎንደር የሚያልፈንን መኪና ሁሉ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አያለሁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለች ይመስለኛል።

ይፋግ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር አንድ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ረዳቱ "ጎንደር፣ አንድ ሰው!" ይላል። የእኔ ልጅ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። ለትልቅ ሴት የሚሆን ቀሚስ አልብሰዋታል፣ ሻሽ አስረውላታል፣ ዓይኗን ኩለዋታል። አጠገቧ በእሷ ዕድሜ የምትሆን ሌላ ልጅ ጥቁር ፌስታል ታቅፋ ነበር። የአንዱ ተሳፋሪ ልጅ መሰለችኝ። ክርስትና እናቲቱ ከሾፌሩ ጎን ናት።

"ውረጂ" አልኋት ልጅቷን። እሷ የምታየው እኔን ሳይሆን ክርስትና እናቷን ነበር።

"ደሞ አንቺ ምኗ ነሽ?" አለችኝ ሴትዮዋ ዞር ብላ። "ክርስትና ያነሣኋት እኔ። ያንቺን ጩኸት ለጥቁር ሰሌዳሽ።"

"ክርስትና እናቷ ከሆነችማ ምን አገባሽ" አለ አንድ ተሳፋሪ። ሌሎቹም አጉረመረሙብኝ። ሕግ አለ፣ ሕፃን ናት፣ ዕድሜዋን እኔ አውቃለሁ እያልሁ ጮኽሁ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ሾፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ሰማሁ።

አባ ከመኪናው ፊት ቆሙ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ በዕድሜያቸው ያለ በማይመስል ድምፅ፣ "በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቻለሁ! ይቺ ልጅ ሳትወርድ ይህ መኪና እንዳይንቀሳቀስ!" አሉ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ያጉረመረሙብኝ ሁሉ ዝም አሉ፤ አንዱም "አውርዷት፣ አውርዷት" ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ፊት ለፊቷ ብቻ ታይ ነበር። ገብቼ ልጄን በክንዷ ጎትቼ አወጣኋት። ሾፌሩ በመስኮት መስቀሉን ተሳለመ። "ፈትቻለሁ፣ በሰላም ሂዱ" አሉ አባ፣ መኪናውም ሄደ። ደስ አለኝ፣ መዋሸት አልፈልግም። አስፋልቱ ዳር ልጅቷን አቅፌ አለቀስሁ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጣኋት፤ ጠባዬ ነው። አባ ለቅዳሴ እንዳይረፍድባቸው የመመለሻ መኪና ይፈልጉ ነበር።

ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋት፤ አልበላችም።

"ቲቸር፣ እሷስ?" አለችኝ።

"ማን?"

"አጠገቤ የነበረችው። እሷንም እትዬ ናቸው ያመጧት። ትላንት አብረን ነው ያደርነው። ስወርድ ቀሚሴን ይዛ፣ ለእኔም ንገሪልኝ አለችኝ። አባ የገዘቱ ለሁለታችንም መስሎኝ ዝም አልሁ።"

አባ ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። "ይቺ ልጅ ነው ያልሁት" አሉ። "አንዷን ብቻ ነው የጠራሁ።"

ፖሊስ ጣቢያ ሮጥሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸው ነው። ስሟን ጠየቁኝ፤ አላውቅም። ከየት ቀበሌ ናት? አላውቅም። መልኳስ? ከጥቁሩ ፌስታል በቀር የምናገረው አልነበረኝም። ስልክ ደወሉ፣ መኪናውም ማታውኑ ጎንደር ተገኘ። ሴትዮዋ ተያዘች፤ ስለ ሁለተኛዋ ስትጠየቅ ግን የምን ልጅ ነው የምትሉኝ አለች። ሾፌሩም መንገድ ላይ ሰው ሲወርድ ሲሳፈር ነበር፣ ልብ አላልሁም አለ።

የእኔ ተማሪ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ናት። የዚያችኛይቱን ወላጆች ፍለጋ በየትምህርት ቤቱ ጠይቄ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆነች እስካሁን አላውቅም። የተቀመጠችው በመተላለፊያው በኩል ነበር። የእኔን ልጅ ለማውጣት ስገባ ጉልበቷ መንገድ ዘግቶብኝ "ጠጋ በይ" ብያት ነበር፤ እሷም "ይለፉ" ብላ እግሯን ሰብስባ አሳለፈችን።