ሮዝ የወጣው ፕላዝማ

ወደ ማይክሮ አር ኤን ኤ ጥናት ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ስምንት ናሙና አበላሸሁ።

ነቀምቴ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስትነት ሠርቻለሁ። የወባ ስላይድ በማንበብ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ዶክተር ገመቹ ወደ አዲሱ ጥናት ወሰዱኝ። በልጅነት የሚደርስ ዓይነት ደስታ ነው የተሰማኝ፤ አዲሱን ጋውን ለብሼ መስታወት ፊት ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

የምናጠናው የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞችን ነበር። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ያጠቃል።

የስምንት ሕመምተኞችን ደም ቀድቼ ሴሉን ከፈሳሹ በሚለየው ማሽከርከሪያ፣ በሴንትሪፊውጅ፣ ካሽከረከርኩ በኋላ ዶክተሩ አንዱን ቱቦ ወደ ብርሃን አነሡት። ከላይ የቀረው ፈሳሽ፣ ቢጫ መሆን የነበረበት ፕላዝማ፣ ሮዝ ሆኗል።

«ኦቦ ታደሰ፣ ይጣል» አሉኝ በቁጣ። የቀሩት ሰባቱም እንዲሁ ሆነው ነበር።

ሲሪንጁን በኃይል ስቤው ቀይ የደም ሴሎች ፈንድተዋል። እነሱም የራሳቸው ማይክሮ አር ኤን ኤ ስላላቸው ፕላዝማው ውስጥ ሲፈስ ልኬቱን ያዛባል። በወባ ምርመራ ማንም እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ሰባቱ ሕመምተኞች የከተማ ሰዎች ስለነበሩ እንደገና ለመቀዳት ተመልሰው መጡ። ስምንተኛዋ አዴ ላሊሴ ግን ሩቅ፣ የአርጆ የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ መያዝ ያቅታቸዋል። ዶክተሩ እንዲደውሉላቸው ለመንኳቸው። ደሙን የቀዳሁት እኔ ስለሆንኩ ይቅርታውንም ራሴ እንድጠይቅ ነገሩኝ።

ትንሿን ሴንትሪፊውጅና የበረዶ ሳጥኑን ጭነን ከሾፌሩ ጋር አርጆ ትምህርት ቤታቸው ስንደርስ መብራት የለም። ርእሰ መምህሩ ለፈተና ማባዣ የሚጠቀሙበትን ጄኔሬተር አስነሡልን። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለአዴ ላሊሴ እውነቱን ነገርኳቸው።

«በዚህ ጉልበቴ ነቀምቴ ድረስ የመጣሁት ደሜ እንዲደፋ ነው?»

አዎ አልኩ። ከዚያ የሚቀዳው ደም ለምን እንደሚፈለግ በሚገባቸው ቋንቋ እንዳስረዳቸው ጠየቁ።

ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳሁ። ማይክሮ አር ኤን ኤ በሴል ውስጥ ያለ በጣም አጭር አር ኤን ኤ፣ ማለትም ከጂን የተገለበጠ ቅጂ ነው። ራሱ ፕሮቲን አያሠራም፤ ሌሎች ጂኖች ምን ያህል እንዲያሠሩ ይቆጣጠራል። መጠኑ ሲዛባ የመከላከያ ሴሎች ከልክ አልፈው የራስን አካል ሊያጠቁ ይችላሉ።

«ይህ እኔን ያድነኛል?»

«አሁን አያድንዎትም። ወደፊት ምናልባት በሽታውን ጣት ሳያብጥ ለማወቅ ይጠቅማል።»

«እናቴም እንዲሁ ታማ ነው የሞተችው። ሴት ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። «ይቅዱ።»

ሲሪንጅ አልነካሁም። ደሙን በራሱ በሚስብ ቫክዩም ባለው ቱቦ ቀዳሁ፤ ደሙ መፍሰስ ሲጀምር የክንዳቸውን ማሰሪያ ወዲያው ፈታሁ፤ ቱቦውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጌ ገለባበጥኩት። ሴንትሪፊውጁ ሲዞር በዚያ ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሌላቸው መምህራን ሁሉ ከበቡን። አንዱ ደቂቃውን ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ፕላዝማው ጥርት ያለ ቢጫ ነበር።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አጠገቤ የቆመውን የስፖርት መምህር አቅፌ ከመሬት አነሣሁት። ሰውየው ከእኔ በእጥፍ ይከብዳል። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አዴ ላሊሴ ባበጡ ጣቶቻቸው የሳቅ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር። ስመለስ የበረዶ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ዘፈንኩ፤ ሾፌሩ ነቀምቴ ሳንገባ ዘፈኑን እንድተው ለመነኝ።

ናሙናው ለኮሮና በመጣው የፒ ሲ አር ማሽን ተለካ። የምንከታተለው ማይክሮ አር ኤን ኤ ለማነጻጸሪያ ደም ከሰጡት ጤነኞች ይልቅ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በአዴ ላሊሴም ላይ። ዶክተሩ ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ አስጠነቀቁኝ። እሺ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ።

በዶክተሩ ፈቃድ ለአዴ ላሊሴ ደወልኩ። የልኬቱን ቁጥር እስከ ነጥቡ ድረስ ጠየቁኝና ጽፈው ደግመው አነበቡልኝ። ከዚያ ልጃቸው ለጥናቱ ከጤነኞቹ ወገን ሆና ደም መስጠት ትችል እንደሆነ ጠየቁ። በሳምንቱ አብረው መጡ። የልጅቷንም የቀዳሁት እኔ ነኝ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ደም በቀስታ ይቀዳል። የተበላሸ ናሙና ይጣላል። ለባለቤቱ የሚነግረው ያበላሸው ሰው ነው።