ሜዳውን በጠፍር የለኩት ጋሽ አንለይ

የፍኖተ ሰላም ስታዲየም ጠባቂ የነበሩት ጋሽ አንለይ ታረቀኝ ባለፈው ማክሰኞ ጧት ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ነው። መርዶውን የነገረኝ የሚኒባስ ሾፌር ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ሜዳችን አባት አልባ ሆነ» አለኝ። ስም መጥራት አላስፈለገውም። በማግስቱ በደብራቸው ስንሸኛቸው ከአልቃሹ መካከል የሚስቅ ሰው ብዙ ነበር፤ ሁሉም እሳቸው የተቆጡትን ቁጣ ለጎረቤቱ ይተርክ ነበርና።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በአፈሩ እርከን ላይ ተቀምጣችሁ ለጮኻችሁ፣ በካቡ ላይ ስትዘሉ ለተያዛችሁ፣ በሰልፍም በጨዋታም ያን ሣር ለረገጣችሁ። እኔ በዚያ ዘመን የከተማው ቡድን በረኛ ነበርሁ።

ስታዲየም ስል፣ ከሩቅ የምታነቡ ሰዎች ሌላ ነገር እንዳታስቡ። ቦታው አስቀድሞ ከብት የሚውልበት፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ፈረሰኞች ጉግስ የሚጫወቱበት መስክ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ዞን የሚባለው ነገር ሲመጣ፣ «የዞን ከተማ ያለ ስታዲየም አያምርበትም» ተባለና አገሬው በጅጌ ወጣ። አንዱ ቀበሌ ድንጋይ አጋዘ፣ ሌላው ካበ፣ ሌላው ጠላና ቆሎ አቀረበ፤ በአንድ በጋ አጥሩ ቆመ። በምዕራብ በኩል ለክብር እንግዶች ቆርቆሮ የለበሰ መቀመጫ ተሠራ። ለቀረነው አፈር በእርከን ተደለደለልን። ጎሎቹ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበሩ፤ የውጤት ማሳያው ደግሞ ከትምህርት ቤት የተረፈ ጥቁር ሰሌዳ ነበርና ዝናብ በመጣ ቁጥር ውጤቱ አብሮ ይታጠባል።

አንድ ነገር እንደተረሳ የታወቀው አጥሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከገጠር ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወስደው የጥንት መንገድ የሚያልፈው በመሐል ሜዳው ነበር። ገበያተኛው እስከነአህያው ካቡ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ልዙር ያለ አልነበረም። ያኔ ገና እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው በጥበቃ የተቀጠሩት ጋሽ አንለይ ካቡን በሁለት ወገን አስከፍተው በር አበጁለት። ከዚያም ደንብ አወጡ፤ ቅዳሜ ጨዋታ የሚጀመረው ገበያተኛው ከተመለሰ በኋላ ነው አሉ። አንድ ጊዜ የዘገየች ሴት አህያዋን እየነዳች በጨዋታ መካከል ገባች። ዳኛው ፊሽካ ነፍተው ሲቆጡ ጋሽ አንለይ ከዳር ሁነው፣ «ኧረ ያሳልፏት! እርስዎ የመጡት ዛሬ ነው፤ እሷ ስትመላለስበት ኑራለች» አሏቸው። ሴትየዋ አለፈች። ስታልፍም፣ «ማን እየመራ ነው?» ብላ ጠይቃናለች።

ሣሩን ከወንዝ ዳር ሰርዶ በጆንያ እያመጡ በእጃቸው የተከሉት እሳቸው ናቸው። ልምምድ ልንሠራ ስንመጣ ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ይነኩትና፣ «ዛሬ ሜዳው ደክሞታል፤ ሂዱና ተኙ» ይሉናል። አሠልጣኛችን ሳይቀር ይመለስ ነበር።

የመልበሻ ክፍል ሁለት ነበረን። አንደኛው ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ በርሜል ውሃ ያለበት ነው። የሁለተኛው ወለል አፈር፣ በሩም የማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ነበር። ጥሩው ክፍል የማን ይመስላችኋል? የእንግዳው! ተጋጣሚያችን ቡሬ ሲሆንማ፣ ቡሬ ለእኛ ምን ዓይነት ባላንጣ እንደነበረ ታውቃላችሁ፣ ውሃውን ከጧት ጀምረው በባልዲ ፀሐይ ላይ እያዋሉ ያሞቁላቸዋል። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ፣

«ጋሽ አንለይ፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?» አልኋቸው።

«የእናንተ ነኛ!»

«ታዲያ እኛ አፈር ላይ እየለበስን እነሱ በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ?»

«እናንተማ ልጀ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ትታጠባላችሁ። እነሱ ጭቃቸውን እንደያዙ እስከ ቡሬ ይሂዱ?»

 ኩርፊያዬ ያን ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም።

አንድ ዓመት ውድድር ሊጀመር ሲል ወሬ መጣ። ሜዳዎች ሁሉ ይለካሉ፤ ያላለፈ ሜዳ ያለው ቡድን ዓመቱን ሙሉ የሚጫወተው ሌላ ከተማ ነው። የእኛ «ሌላ ከተማ» ቡሬ ነበር። ለእኛ ውርደት ነው፤ ለጋሽ አንለይ ግን ከዚያም ይብሳል። በእጃቸው የተከሉት ሣር አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ ሳያይ ሊከርም ነው። ለኪው የደረሱት በመክፈቻው ጨዋታ ቀን ጧት ሲሆን፣ የዕለቱ እንግዳ ቡሬ ራሱ ነበር።

ለኪው ኮፍያ የማያወልቁ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ። የብረት ሜትራቸውን ዘረጉ፤ ለኩ፤ ተመልሰው እንደገና ለኩ። በመጨረሻ፣ «ይህን ሜዳ ያሰመረው ማነው?» አሉ። ወደ ገበያው በሚያስወጣው በር በኩል ያለው የሜዳው ግማሽ ከሌላው ግማሽ በብዙ እርምጃ ይረዝም ነበር። የፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ ሳይቀር ከጎሉ ርቋል። ከመካከላችን አንዱ ጎርፍ ነው አለ፤ ሌላው ግንዱን ልጆች ነቅለው ተክለውት ይሆናል አለ።

ጋሽ አንለይ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ የብቻየ ነው፤ ማንንም አትጠይቁ» አሉ። ቀጥለውም ነገሩን አፍረጠረጡት። ሜዳው መጀመሪያ ሲሰመር ሜትር አልነበረም፤ እሳቸው ከእርሻ ዕቃቸው ረጅም የቆዳ ጠፍር አምጥተው በቋጠሮ መለኪያ አበጁለት። አንዱን ግማሽ በደረቅ ቀን ለኩ። በማግስቱ ዝናብ ያበሰበሰውን ያንኑ ጠፍር ይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ጨረሱ። «ሠላሳ ዓመት አርሻለሁ። እርጥብ ጠፍር እንደሚለጠጥ እኔን የሚነግረኝ አልነበረም። ለሞፈር ሲሆን የማውቀውን ለኳስ ሲሆን ረሳሁት!»

የነበርነው ሁሉ በሳቅ ፈነዳን፤ እሳቸውም ሳቁ።  ለኪው ግን አልሳቁም። «እስከ ጨዋታው ሰዓት ካልተስተካከለ ወደ ቡሬ ይዛወራል» አሉና ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ጎሉን ነቅሎ ማስጠጋት፣ መስመሩንም ሁሉ እንደ አዲስ ማስመር ነው። እኛ ደግሞ አሥራ ምናምን ሰዎች ነበርን።

የቡሬ ልጆች በአይሱዙ ጀርባ እየዘፈኑ የደረሱት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ጥላ ሥር ቢቀመጡ ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ ጨዋታው እደጃቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። አምበላቸው ሙላት የሆነውን ሰማ፤ ጋሽ አንለይን አየ፤ ከዚያ ዘሎ ወረደ።

«እኔ በኝህ ሰውየ ውሃ ስንት ጊዜ ታጥቤያለሁ። አካፋ አላችሁ?»

ከነቀይ ማሊያቸው ቆፈሩ። ግንዱን አንድ ላይ ተሸከምነው፤ ከግንበኛ ሜትርና ሲባጎ ተዋስን፤ ኖራውን ጋሽ አንለይ ራሳቸው በጣሳ እያፈሰሱ አሰመሩ። ለኪው ተነሥተው ለኩና ፈረሙ። በሁለት ጎል ተሸነፍን፤ ሁለቱንም ያስገባብኝ ሙላት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ ጋሽ አንለይ ያዙኝ። «ምን ያስለቅስሃል? ሜዳችን አለፈ አይደል!» የዚያን ቀን ያህል ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

ጋሽ አንለይ፣ እንግዲህ መሰነባበቻችን ነው። ሳልነግርዎ የኖርሁት ነገር አለ። «የብቻየ ነው» ሲሉ እኔ ከአጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ የብቻዎ እንዳልነበረም አውቅ ነበር። ያ በገበያው በር በኩል ያለው ጎል እንደሚርቅ ለኪው ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት አስቀድሜ ደርሼበታለሁ። በረኛ እንዲህ ያለውን ነገር እግሩ ይነግረዋል። ኳሱ እስኪደርስ አንዲት ትንፋሽ ጊዜ ይሰጠኝ ስለነበር፣ ጨዋታው በሚከርበት በሁለተኛው አጋማሽ እዚያ እንድቆም አምበላችንን እየጎተጎትሁ ጎል አስመርጥ ነበር። ፍፁም ቅጣት ምት አዳኝ ተብዬ የተጨበጨበልኝ በእርስዎ ጠፍር ነው። ብነግርዎ በአንድ ጧት ያስተካክሉት ነበር፤ በሰው ፊትም ጋቢዎን ባላወረዱ። ስንት ጊዜ ልነግርዎ መጥቼ፣ ስለ ሣሩ ሲያጫውቱኝ ውለው፣ ሳልነግርዎ ተመለስሁ። ብነግርዎ እንደሚስቁልኝ ስለማውቅ ይበልጥ አፈርሁ።

ይኸው ዛሬ ሁሉም በሚሰማበት ተናገርሁ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ወስጃለሁ። እርስዎ ቀለል ብሎዎት ይረፉ።