ከጋሼ ቀድሞ መውጣት

ነዳጅ ዘይት የካናዳዋን ካልጋሪን ባጠገበበት ጊዜ ኦቨርታይም የማይሠራ ሐበሻ አልነበረም። እኔም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን እየዋልኩ ከሩቅ ተራሮቹን አይ ነበር። ቸርቻችን አንዱ ላይ ወጥተን እንጸልይ ሲል ከሥራ ኦፍ ወሰድኩ። ጫፉን ሳልረግጥ ላልመለስ ቆረጥኩ።

ጋሼ፣ የቸርቻችን ታላቅ ሽማግሌ፣ በሙሉ ልብስና በሚያብረቀርቅ ጫማ ከፊት ሆኑ። እሳቸውን መቅደም ነውር ነውና ሁሉም ከኋላቸው ተሰለፈ። በእጅም በእግርም የሚወጣው ቋጥኝ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«እናንተ እለፉ» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! እርስዎ እያሉ?» አለ ሰባኪያችን።

«ግዴለም፣ እለፉ።»

«አይሆንም ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ!»

ከኋላችን ፈረንጆች መንገድ ተዘግቶባቸው ይጠብቃሉ። ሰማዩም ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ወይ ይውጡ ወይ ዞር ይበሉ!» አልኩ።

«አይ ያልተማረ!» አለች አንዲት እህት።

እውነቷን ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ቋጥኙ ግን ዲግሪ አልጠየቀኝም። እየቧጠጥኩ ወጣሁ፣ ጫፉንም ረገጥኩ። ካሜራው ታች ሰባኪው ጋ ስለነበር ያየኝ ንፋሱ ብቻ ነው።

ስወርድ ምእመኑ እዚያው ቋጥኝ ሥር ጋሼን መሀል አድርጎ ፎቶ ተነሥቶ ጨርሷል። እሑድ ፎቶው የቸርቻችን ግድግዳ ላይ ወጣ።

«ጌታ ሁላችንንም ተራራው ጫፍ አድርሶናል» አለ ሰባኪው። «አንድ ወንድም ብቻ መንገድ ጠፍቶት ነበር፤ እሱም ተገኝቷል!»

ጉባኤው እልል አለ። ጋሼ ራሳቸው መጥተው እጃቸውን ጫኑብኝ፣ ስለ መገኘቴም አመሰገኑ።

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል?