በግንባሬ ብቻ

ዛሬ ጠዋት በጀጎል በር ሳልፍ አንዲት ሴት የወተት ቅሏን ከፈተች። የታጠነው ወተት ሽታው ሲደርሰኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ልጅ ሳለሁ ወተት ሻጯ ሰዓዳ በየጠዋቱ ከሶፊ ገጠር ወተት ታመጣልን ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እንዳልሄድበት የተከለከልኩት ወንዝ ውስጥ ስዋኝ እናቴ ያሰረችልኝ የወርቅ መስቀል ከአንገቴ ወልቆ ጠፋ። ቁጣ ፈርቼ "ሰዓዳ ወሰደችው" አልኩ።

"ወላሂ፣ ልጄ፣ በዓይኔም አላየሁት" አለች፤ የምታየው አባቴን ሳይሆን እኔን ነበር። አባቴ አሳሰሯት። ጡት ያልጣለ ልጇን እህቷ አዝላ ወደ ሶፊ ይዛው ሄደች።

በፍልሰታ ጾም ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። "እግዚአብሔር የሚመለስን አይገፋም፣ ልጄ" አሉኝ። "አርባ ስገጂ። ከዚያ ለአባትሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ሴትዮዋ ትፈታ። እግሯም ላይ ውደቂ። ይህን ስትፈጽሚ ነይ፣ እፈታሻለሁ።"

ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ስግደቱ ቀላል ነበር። ለአባቴ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

በሳምንቱ "ፈጸምሽ?" ሲሉኝ፣ "አዎ፣ አባ" አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው መስቀሉን ግንባሬን አስነክተው ወደ ከንፈሬ አመጡት። ተሳለምኩት። ሰዓዳ ያን ቀንም እንደታሰረች ነበረች።

ዛሬም ካህን መስቀል ሲዘረጋልኝ ግንባሬን እሰጣለሁ። አፌን ግን ዘወር አደርጋለሁ።